የጦር ወጪ ሀብት ይወልዳልን?

ስለ መንግሥት ገንዘብ በተነገረ ቍጥር አብሮ የሚነሣ አንድ የቈየ አሳብ አለ። ይኸውም መንግሥት ለጦር ሠራዊትና ለጦር መሣሪያ የሚያወጣው ገንዘብ አገርን ከጠላት ከመጠበቁ በላይ ራሱ የሀብት ምንጭ ነው፤ ሥራ ፈቱን ሥራ ያስይዛል፤ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል፤ ገበያውን ያሞቃል የሚል ነው። አሳቡ ለጆሮ ይጥማል፤ ዓይን የሚያየው ምስክርም አለው። መድፍ የሚሠራበት ፋብሪካ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፤ የሠራተኛው ደመወዝ በየወሩ ይቈጠራል። በዚያው ገንዘብ ሊሠራ ይችል የነበረው ትምህርት ቤት ግን ጭስ የለውም፤ ሳይቀጠር የቀረውም አስተማሪ ስሙ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኝምና የሚቈጥረው የለም።

ይህን ጕዳይ ዛሬ ለማንሣት ያነሣሣን ምክንያት አለ። የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋም እንደ ገለጸው፣ በ2024 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ለጦር ኀይል ያወጡት ገንዘብ 2 ሺህ 718 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። በ2025 ዓ.ም. በጁን ወር የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን መንግሥታት በሄግ ከተማ ተሰብስበው፣ እስከ 2035 ዓ.ም. ድረስ ከያመቱ ጠቅላላ ምርታቸው ከመቶ 5 እጅ ለመከላከያና ከመከላከያ ጋር ለተያያዘ ሥራ እንዲውል ወስነዋል። ይህን የመሰለውን ወጪ ለሕዝብ ሲያስረዱ፣ ከጸጥታው ምክንያት ጎን ለጎን፣ ኢንዱስትሪን ያነቃቃል፣ ሥራም ይፈጥራል የሚሉ የመንግሥት ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። እንግዲህ ይህ አባባል በታሪክ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመመርመር እንሞክራለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር እናስታውስ። ጎንደር ከመቈርቈሯ በፊት ነገሥታቱ በአንድ ሥፍራ ሳይረጉ ከነሠራዊታቸው በድንኳን ይዘዋወሩ ነበር። በ1520 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ከመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የድንኳን ከተማ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ሠፈሩ በቆመበት ሁሉ ገበያ ይቆማል። ነጋዴው ጨውና ጨርቅ፣ ባላገሩ እህልና ከብት ያመጣል፤ ጠጅ ጣዩዋም፣ ቀጥቃጩም፣ ኮርቻ ሰፊውም ሥራ አያጡም። ለአንድ ሰሞን የተመለከተ ሰው፣ ሠራዊቱ ብልጽግናን በአጋሰስ ጭኖ የመጣ ሊመስለው ይችላል።

ነገር ግን ሠራዊቱ የሚበላው እህል ሌላ ሰው ያረሰው ነው፤ የሚያነደውም እንጨት ከዚያው አካባቢ የተቈረጠ ነው። እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣል፤ ገበያውም አብሮ ይነሣል። የሚቀረው የጐደለ ጎተራና የተራቈተ ኰረብታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ ተቈርጦለት እንዲያድር የጣሩት፣ ዐፄ ምኒልክም በ1892 ዓ.ም. በክፉ ቀን ማብቂያ ላይ ወታደር በባላገር ቤት እያደረ መቀለቡ ቀርቶ ስለ ስንቁ አሥራት እንዲከፈል ያዘዙት፣ የሠፈሩ ገበያ የማን ዕዳ እንደ ሆነ ስለ ተረዱት ነው። ወታደር ለአገር እጅግ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል፤ ቀለቡ ግን ከአራሹ ጎተራ እንጂ ከሰማይ አይወርድም።

ይህንኑ እውነት በአውሮፓ በግልጽ ካስረዱት አንዱ ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ባስቲያ ነው። ባስቲያ በሞተበት ዓመት በ1850 ዓ.ም. ስለሚታየውና ስለማይታየው ነገር ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ፣ መቶ ሚሊዮን ፍራንክ የሚፈጁ መቶ ሺህ ወታደሮችን ማሰናበት ቢታሰብ የሚነሣውን ክርክር ያትታል። አገርን ለመጠበቅ የሚያስፈልጉ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ይቈዩ ይላል። ነገር ግን ወታደሮቹ ቢሰናበቱ ወይን ሻጩና ጨርቅ ሠሪው ደንበኛ ያጣሉ በማለት የሚከራከረውን ሰው፣ ያ መቶ ሚሊዮን ፍራንክ ከግብር ከፋዩ ኪስ የወጣ መሆኑን ረስተሃል ይለዋል። ገንዘቡ በከፋዩ እጅ ቢቀር ኖሮ እሱም ወይንና ጨርቅ ይገዛበት ነበርና። ልዩነቱ፣ በአንደኛው መንገድ ሕዝቡ ለገንዘቡ ምትክ የሰው ጕልበት ያገኛል፤ በሁለተኛው መንገድ ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ ምንም አያገኝም።

ይሁን እንጂ ለተቃራኒው ወገን የሚገባውን ልንነፍገው አይገባም። የባስቲያ ክርክር በደንብ የሚሠራው እጅ ሁሉ ሥራ በያዘበት ዘመን ነው። ፋብሪካ ተዘግቶ፣ ሠራተኛ በየአደባባዩ ቆሞ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ቀብሮ በተቀመጠበት ጊዜ፣ መንግሥት በሚያወጣው ወጪ የሚሠራ ሰው ከሌላ ሥራ የተወሰደ አይደለም። በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ መውደቅ የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ዓለምን ከዚህ ዐይነት ችግር ላይ ጣላት። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በ1936 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ መጽሐፉ፣ የተሻለ ነገር መሥራት ካልተቻለ የፒራሚድ ግንባታም ሆነ ጦርነት እንኳ ሥራ ሊያስይዝ እንደሚችል ጽፏል። ብዙ ሰዎች የያዙት ይህን ብቻ ነው። ኬንስ ግን ይህን የተናገረው በምፀት ነበር፤ ቤትና ይህን የመሰለ ጠቃሚ ነገር መሥራት የበለጠ አስተዋይነት መሆኑንም በዚያው አክሏል። እንግዲህ የጦር ወጪ ሥራ ፈትን ሥራ ሊያስይዝ ይችላል ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ይችላል ነው። ጥያቄያችን ግን ከዚያ አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ምን ይመጣል?

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ሆነው የሚቀርቡልን የጃፓኑ የገንዘብ ሚኒስትር ታካሃሺ ኮሬኪዮ ናቸው። ታካሃሺ በ1854 ዓ.ም. የተወለዱ ሲሆን፣ በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደው ሳያውቁ በፈረሙት ውል የሰው አሽከር ሆነው እስከ መሥራት ደርሰው ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው በትጋታቸው ከፍ ከፍ እያሉ ሄዱ። ጃፓን በ1904 እና በ1905 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር በተዋጋች ጊዜ በለንደንና በኒው ዮርክ እየተዘዋወሩ የጦርነቱን ብድር ያገኙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጦርነት በማን ገንዘብ እንደሚደረግና ዕዳው በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ከብዙዎቹ የጦር አለቆች ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

በዲሴምበር 1931 ዓ.ም. ጃፓን በድቀቱ ስትሠቃይ፣ ታካሃሺ በሽምግልናቸው እንደ ገና የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ወዲያውኑ የአገሪቱን ገንዘብ ከወርቅ ጋር ካሰረው ደንብ አላቀቁት። የየን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ በዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ በመውደቁ የጃፓን ሸቀጥ በውጭ አገር ረከሰ፤ ገዢውም በዛ። መንግሥት ያወጣውን የብድር ሰነድ የጃፓን ባንክ እንዲገዛ አድርገው፣ በዚያ ገንዘብ ለችግረኛው ገበሬ የመንገድና የመስኖ ሥራ አስጀመሩ፤ በማንቹሪያ ለሠፈረው ጦርም ብዙ ወጪ ተደረገ። አንዱ ሰው የሚያወጣው ገንዘብ ለሌላው መተዳደሪያ ይሆናል የሚለውን ትምህርት ታካሃሺ የኬንስ መጽሐፍ ከመታተሙ አስቀድመው በቀላል ምሳሌ ያስረዱ ነበር። ውጤቱም ያማረ ሆነ፤ ጃፓን ከብዙዎቹ ታላላቅ መንግሥታት ቀድማ ከድቀቱ ወጣች።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የጦር ወጪ ደጋፊዎችን የሚያስደስት ነው። ነገር ግን በ1935 ዓ.ም. ታካሃሺ ፋብሪካዎቹ መሙላታቸውን፣ የሥራ ፈቱም ብዛት መቀነሱን ተመለከቱ። ከዚህ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ምርትን ሳይሆን ዋጋን እንደሚጨምር፣ የብድሩም ሰነድ ገዢ እያጣ እንደሚሄድ ተረዱ። ሐኪም በሽተኛው ሲድን መድኀኒቱን እንደሚያቆም ሁሉ፣ እሳቸውም ወጪውን ለማቆም ፈለጉ። ለገበሬው የተመደበው የእርዳታ ሥራ ያለ ብዙ ጩኸት ቆመ። የጦሩ ወጪ ግን እንቢ አለ። ከመንግሥቱ በጀት ግማሽ ያህል ወደ መድረስ የተቃረበው የጦርና የባሕር ኀይል ድርሻ፣ ለቀጣዩ ዓመት ይጨመርልን ባዮቹ እጅግ በዙ። ታካሃሺ በሚኒስትሮች ጉባኤ ተከራክረው ጭማሪውን ገደቡት።

በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1936 ዓ.ም. በረዶ በቶኪዮ በወደቀበት ንጋት፣ ወጣት መኰንኖች ወታደሮቻቸውን አስከትለው ዐመፁ። ወደ ታካሃሺም ቤት ገብተው የሰማንያ አንድ ዓመቱን ሽማግሌ ከመኝታቸው ላይ በጥይትና በሰይፍ ገደሏቸው። ዐመፁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢበርድም፣ ከዚያ ወዲያ የጦሩን በጀት በድፍረት የሚገድብ የገንዘብ ሚኒስትር አልተገኘም። ተተኪው ባባ ኤይቺ ለጦሩ የጠየቀውን ሰጡት። በጁላይ 1937 ዓ.ም. ከቻይና ጋር ጦርነት ተከፈተ፤ ከዚያም ነገሩ እየከፋ ሄዶ በ1945 ዓ.ም. የጃፓን ከተሞች ዐመድ ሆኑ፤ የመንግሥቱም ብድር ሰነድ በገንዘቡ መርከስ ምክንያት ዋጋ አጣ።

ከዚህ የምንማረው እጅግ ጠቃሚ ነው። የኢኮኖሚ መድኀኒት ተብሎ የሚሰጥ ወጪ ሁለት ጠባይ ሊኖረው ይገባል፤ በሚያስፈልግ ጊዜ መጀመር፣ በማያስፈልግ ጊዜም መቆም። የጦር ወጪ የመጀመሪያውን ጠባይ ያሟላል፤ ሁለተኛውን ግን አያሟላም። መንገድ ሠሪ ሥራው ሲያልቅ ዶማውን ተሸክሞ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። በጦር በጀት ያደገ ኀይል ግን በጀቱ ይቀነስ ሲባል የሚከራከርበት አፍ ብቻ ሳይሆን የሚያስፈራራበት ክንድም አለው። ስለት ድጉሱን እንዲሉ፣ ስለቱን ያሰላው ሰው ራሱ የሰገባውን ዕጣ ሊቀምስ ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ ጀርመን እንሻገር፤ የጦር ወጪ አገርን አበለጸገ ሲባል ከሁሉ አዘውትሮ የሚጠቀሰው የሂትለር ዘመን ነውና። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በጀርመን 6 ሚሊዮን ያህል ሥራ ፈት ነበረ፤ በ1938 ዓ.ም. ከግማሽ ሚሊዮን በታች ሆነ። ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ወጪው ከየት መጣ? የብሔራዊ ባንኩ ገዢ ያልማር ሻኽት፣ ሜፎ የተባለ የስም ብቻ ኩባንያ አቋቁሞ፣ የመሣሪያ ፋብሪካዎች በዚህ ኩባንያ ስም በተጻፈ የዱቤ ሰነድ እንዲከፈላቸው አደረገ። ሰነዱ በመንግሥት በጀት ላይ ስለማይታይ የመሣሪያው ዝግጅት ከሕዝብም ከባዕድም ዓይን ተሰወረ። በ1938 ዓ.ም. ይህ ስውር ዕዳ 12 ቢሊዮን ማርክ ደርሶ ነበር።

ሠራተኛው በእርግጥ ደመወዝ ያገኝ ነበር፤ ነገር ግን በደመወዙ የሚገዛው ነገር እንደ ልብ አልተገኘም። የውጭ ምንዛሪው ለመሣሪያ የሚሆን ብረትና ማዕድን ስለ ገዛ፣ በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. ቅቤና ሥጋ፣ እንቍላልም ከገበያ ጠፋ። ከመሪዎቹ አንዱ ሄርማን ጎሪንግ መድፍ ኀያል ሲያደርገን ቅቤ ያወፍረናል እንጂ ሌላ አያደርገንም ወደሚል አነጋገር የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሻኽት ራሱ በኋላ ፈራ። በጃንዋሪ 1939 ዓ.ም. ከባንኩ ሹማምንት ጋር ሆኖ፣ ወጪው ካልተገታ ገንዘቡ ዋጋ ያጣል ብሎ ለሂትለር ጻፈ፤ መልሱም ከሥልጣን መሻር ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል። መሣሪያ ራሱን አይከፍልም። ማረሻ ቢገዛ እህል አምርቶ ዕዳውን ይከፍላል፤ የባቡር ሐዲድ ቢዘረጋ ጭነት አመላልሶ ይከፍላል። ታንክ ግን ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሌላውን መዝረፍ ነው። ጀርመን በ1938 ዓ.ም. ኦስትሪያን ስትይዝ የቪየናውን ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ወደ በርሊን አጋዘች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቼኮዝሎቫኪያን በያዘች ጊዜ ያንኑ ደገመች። ስለዚህ የሂትለር ዘመን ብልጽግና የሚባለው ነገር ሒሳቡ ገና ያልተዘጋ ብልጽግና ነበር። ሒሳቡ የተዘጋው በ1945 ዓ.ም. ነው፤ የከፈለውም ጀርመናዊ ብቻ ሳይሆን መላው አውሮፓ ነው።

የኢጣልያንም ነገር በዝምታ ልናልፈው አንችልም፤ አገራችንን ይመለከታልና። ሙሶሊኒ በ1935 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሲወር፣ ጦርነቱ ለኢጣልያ ሥራና መሬት፣ ሀብትም እንደሚያመጣ ለሕዝቡ ነግሮ ነበር። ወረራው ከተጀመረ ሦስት ወር ሳይሞላው፣ በዲሴምበር 18 ቀን 1935 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለመንግሥት እንዲሰጡ ተጠሩ፤ በምትኩም የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። የመንግሥታቱ ማኅበር የጣለው ማዕቀብ ለዚህ ምክንያት ቢሆንም፣ ዋናው ነገር የጦር ወጪው የአገሪቱን የወርቅ ክምችት መብላቱ ነው። በኦክቶበር 1936 ዓ.ም. የሊሬ ዋጋ ከመቶ 40 እጅ ያህል ዝቅ እንዲል ተደረገ። ጦርነት ሀብትን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ የሙሽራን ቀለበት ባልለመነ ነበር።

አሁን ወደ ጠንካራው ማስረጃ፣ ማለት ወደ አሜሪካ እንምጣ። ብዙ ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል ሊቃውንት፣ አሜሪካን ከታላቁ ድቀት ያወጣት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው ይላሉ። ቍጥሩ ለዚህ አባባል የሚያግዝ ይመስላል። በ1940 ዓ.ም. ከመቶ 14 ከግማሽ ያህል የነበረው ሥራ ፈት፣ በ1944 ዓ.ም. ከመቶ 1 እጅ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆነ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው የት እንደ ገባ እንጠይቅ። በ1945 ዓ.ም. በአሜሪካ ጦር ውስጥ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበረ። ከሥራ ፈቱ ቍጥር የሚበልጥ ሰው ለጦር ከተመለመለ በኋላ፣ ሥራ ፈት ጠፋ ማለት ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም።

የኑሮውስ ነገር እንዴት ነበር? ከፌብሩዋሪ 1942 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ የሚሸጥ አውቶሞቢል መሥራት ቆመ። ጎማና ቤንዚን፣ ስኳርና ቡና፣ ሥጋና ቅቤ በኩፖን ብቻ የሚገኙ ሆኑ። ሰዉ ደመወዝ ነበረው፤ ግን የሚገዛበት ስላጣ ገንዘቡን የጦርነት ቦንድ ገዛበት። ሮበርት ሂግስ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ በ1992 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ በእነዚያ ዓመታት የተመዘገበው የምርት ዕድገት በአብዛኛው የመሣሪያ ቍጥር እንጂ ሕዝቡ የበላውና የለበሰው አለመሆኑን አሳይቷል። ከአውሮፓና ከእስያ ሕዝብ ጋር ሲወዳደር አሜሪካዊው በደኅና ይኖር እንደ ነበር እርግጥ ነው፤ ግን በጦርነቱ ምክንያት ሳይሆን ጦርነቱ ከአገሩ ርቆ በመደረጉ ነው።

የጦር ወጪ ሀብትን ይወልዳል የሚለው አሳብ ዋናው ፈተና የመጣው ጦርነቱ ሲያበቃ ነው። ፖል ሳሙኤልሰንን የመሳሰሉ ታዋቂ ሊቃውንት በ1943 ዓ.ም. ገና ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ወታደሩ በችኰላ ቢበተንና ወጪው በድንገት ቢቆም ታላቅ ሥራ አጥነት ይመጣል ብለው ጽፈው ነበር። ወጪውም በእርግጥ በድንገት ቆመ። በ1945 ዓ.ም. 93 ቢሊዮን ዶላር ያህል የነበረው የፌዴራሉ መንግሥት ወጪ በ1948 ዓ.ም. ወደ 30 ቢሊዮን ዶላር ወረደ፤ በሁለት ዓመት ውስጥም ዐሥር ሚሊዮን ያህል ሰው ከጦር ተሰናበተ። የተፈራው ድቀት ግን አልመጣም። በ1946 ዓ.ም. ሥራ ፈቱ ከመቶ 4 እጅ አልበለጠም። ታንክ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ወደ አውቶሞቢል ተመለሰ፤ ቦንድ የገዛው ሰው በቦንዱ ቤት ሠራ፤ ከጦር የተመለሰውም ወጣት በ1944 ዓ.ም. በወጣው ሕግ እየታገዘ ኮሌጅ ገባ። ብልጽግናው የመጣው መድፉ ሲበዛ ሳይሆን መድፉ ቦታውን ሲለቅ ነው።

ይህን ከማንም በላይ ሊናገር የሚገባው ሰው ወታደር ነው፤ ተናግሮታልም። የአውሮፓን የድል ጦር የመሩት ጄኔራል ድዋይት አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት በሆኑ በሦስተኛው ወር፣ በኤፕሪል 16 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ለጋዜጣ አዘጋጆች ባደረጉት ንግግር የአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዋጋ ከ30 በሚበልጡ ከተሞች አንዳንድ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሊያሠራ፣ ወይም ሁለት የተሟሉ ሆስፒታሎች ሊያቆም እንደሚችል ዘርዝረው አሳዩ። ከሥልጣን ሲሰናበቱም በጃንዋሪ 17 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በመከላከያ ሥራ ላይ በቀጥታ የተሰማራው ሕዝብ 3 ሚሊዮን ተኩል መድረሱን ጠቅሰው፣ የጦሩና የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ጥምረት ያልተገባ ሥልጣን እንዳይይዝ አገራቸውን አስጠነቀቁ። በአሜሪካ የታካሃሺ ዕጣ የደረሰበት ሚኒስትር የለም። ነገር ግን ፋብሪካው በየክፍለ ሀገሩ ተበትኖ የብዙ ሰው እንጀራ ከሆነ በኋላ፣ የሕዝብ እንደራሴው ሁሉ የራሱ አውራጃ ፋብሪካ እንዳይዘጋ ይሟገታል። ያኔ መሣሪያው ያስፈልጋል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ፣ ሠራተኛው የት ይግባ የሚለው ጥያቄ ይተካል።

በዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊቀርቡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ ከጦር ምርምር ራዳርና የጄት ሞተር፣ ኋላም በ1969 ዓ.ም. የተጀመረውና የኢንተርኔት አባት የሆነው የኮምፒዩተር መረብ ተገኝተዋል የሚለው ነው። እውነት ነው። ግን እነዚህን የወለዳቸው ምርምሩ እንጂ የመድፉ ብዛት አይደለም። ምርምር ከተፈለገ ምርምርን በስሙ ጠርቶ ገንዘብ መመደብ ይቻላል፤ በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው በሬው ይመረቅልኛል ብሎ ፈረስ አይገዛም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጃፓን ራሷ ከ1945 ዓ.ም. በኋላ ያገገመችው በ1950 ዓ.ም. በተነሣው የኮሪያ ጦርነት ምክንያት ነው የሚል ነው። ይህም መሠረት አለው፤ በኪሳራ አፋፍ ላይ የነበረው የቶዮታ ኩባንያ የዳነው የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ባዘዘው ጊዜ ነው። ነገር ግን የመኪናውን ዋጋ የከፈለው አሜሪካዊው ግብር ከፋይ ነው፤ ለጃፓን ያ ንግድ እንጂ የጦር ወጪ አልነበረም። ጃፓን ራሷ የጦር ወጪዋን ከጠቅላላ ምርቷ ከመቶ 1 እጅ አካባቢ ወስና፣ የቀረውን በፋብሪካና በትምህርት ላይ አውላ፣ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1973 ዓ.ም. በየዓመቱ ከመቶ 10 እጅ ወደሚጠጋ ዕድገት ደረሰች። ታካሃሺ በሕይወታቸው የከፈሉለትን ምክር አገራቸው የሰማችው ከጥፋት በኋላ ነው።

በዘመናችን የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ የራቀ ነገር አይነግሩንም። ሮበርት ባሮና ቻርልስ ሬድሊክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ለጊዜው የሚጨመር አንድ የመከላከያ ዶላር በሁለት ዓመት ውስጥ ጠቅላላውን ምርት የሚያሳድገው በ60 ወይም በ70 ሳንቲም ገደማ መሆኑን ገምተዋል። ቀሪው ከሌላው ሰው ሥራ ላይ የተቀነሰ ነው ማለት ነው። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር ለጦር ቢውል 11 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ሲያስይዝ፣ ያው ገንዘብ ለትምህርት ቢውል ከ26 ሺህ በላይ ሰው እንደሚያስይዝ ገምቷል። ሁለቱ ጥናቶች የተነሡበት አሳብ የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው በማንኛውም የመንግሥት ወጪ ላይ ጥርጥር ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመንግሥት ወጪ የሚያደላ ነው። በተለያየ መንገድ መጥተው የጦር ወጪ ደካማ የሥራ ምንጭ መሆኑን መመስከራቸው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል አገር ራሷን አትጠብቅ ማለታችን አይደለም። በ1896 ዓ.ም. በዐድዋ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው ጠመንጃ በብዙ ድካም የተገዛ ነበር፤ የገዛበትም ገንዘብ ከባላገሩ ላብ የወጣ ነው። ነገር ግን ያን ጠመንጃ የገዛ ማንም ሰው ሀብት ያመጣልናል ብሎ አልገዛውም፤ ነፃነትን ይጠብቅልናል ብሎ እንጂ። በዚያም ሚዛን ሲመዘን ዋጋው ከወርቅ በላይ ሆነ። ቤቱን ከሌባ ለመጠበቅ ዘበኛ የሚቀጥር ሰው ብልህ ነው። ዘበኛ በማብዛቴ እበለጽጋለሁ ብሎ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ዘበኛ የሚያደርጋቸው ግን የሚጠበቀውን ቤት ራሱ ያፈርሰዋል።

ስለዚህ በጀት የሚያዘጋጅ ሹም፣ ይህን በጀት የሚመረምር እንደራሴ፣ ይህንንም ታሪክ ለተማሪው የሚያስረዳ አስተማሪ፣ ሁለቱን ሚዛኖች እንዳያደባልቅ እናሳስባለን። የጦር ወጪ በጸጥታ ሚዛን ይመዘን፤ ጠላት አለን? ይህ መሣሪያ ይመልሰዋልን? ከዚህ ባነሰ ወጪ መመለስ አይቻልምን? ተብሎ ይጠየቅ። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ወጪ ሌላ ማመካኛ አያስፈልገውም። መልስ አጥቶ ሥራ ይፈጥራል፣ ገበያ ያሞቃል ወደሚለው ምክንያት የሚሸሽ ወጪ ግን በዚያ ሽሽቱ ራሱን ያጋልጣል። ሥራ መፍጠር ከተፈለገ የሚሠራ ነገር አልጠፋም፤ ያልተሠራው መንገድ፣ ያልተገደበው ወንዝ፣ ያልተከፈተው ትምህርት ቤት በየአገሩ ሠራተኛ እየጠበቀ ነው።